የአሮጌው ጂሲ-ኤምኤስ ጥገና፦ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ሐምሌ 2

ትናንት ማታ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ የኮሪደሩ አምፖል ቦግ ብሎ ተቃጠለ። ይህን የነገሩኝ ዘበኛው ናቸው። ጠዋት ገብቼ ማሽኑን (ጂሲ-ኤምኤስ ናሙናን ለያይቶ ሞለኪውሎቹን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ነው) ሳየው ፖምፖቹ ይዞራሉ፣ ቫኪዩሙም ደህና ነው። ቲዩን ላድርገው (በሚታወቅ ጋዝ ላስተካክለው) ስል ግን ፒክ፣ ማለትም ሞለኪውል ሲገኝ መስመሩ ላይ የሚወጣው ጉብታ፣ የለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ጠፍጣፋ መስመር ብቻ ነው። ከሥሩ "ኤሚሽን የለም" የሚል መልእክት መጣ። ከፊላመንቱ፣ ማለትም ግሎ ኤሌክትሮን ከሚያወጣው ቀጭን ሽቦ፣ ኤሌክትሮን አይወጣም ማለት ነው።

ላብራቶሪያችን ከዓለም ገና አለፍ ብሎ በሰበታ መንገድ ላይ ነው። አትክልት ላይ የቀረ ፀረ-ተባይ እንለካለን። ማሽኑ 17 ዓመቱ ነው። እሱ ከቆመ ሥራችን ግማሹ ይቆማል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ናሙናም ይበላሻል።

ጥፋቱ የእኛም ነው። የዩፒኤሱ ባትሪ ሚያዝያ ላይ ሞቷል። እስኪገዛ ብለን ማሽኑን በስታቢላይዘር ብቻ ስናሠራው ከረምን። ስታቢላይዘር ቀስ ብሎ የሚወርድና የሚወጣ ቮልቴጅ ያስተካክላል። መብራት ሲመለስ ድንገት የሚመጣውን ምት ግን አይደርስበትም።

ሐምሌ 3

ዕቃ አቅራቢው ጋ ተደወለ። የምልክቱን ዝርዝር ሲሰሙ "ዋናውን ቦርድ ቀይሩ" አሉ። ዋጋው ወደ ብር ሲመታ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነው። ያውም ዶላሩ ከተገኘ፣ ያውም ከአራት ወር በኋላ። አንድም ነገር ሳይለካ ቦርድ ይቀየር መባሉ አልተዋጠልኝም። ኃላፊያችንን "ልሞክረው" አልኳቸው። "ሦስት ሳምንት ልስጥህ፣ ግን እጅህን ጠብቅ" አሉኝ። እጅህን ጠብቅ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ውስጡ እስከ 3,000 ቮልት የሚደርስ መስመር አለ።

ሐምሌ 4

ማሽኑን በሥርዓቱ አጠፋሁት። መጀመሪያ ማሞቂያዎቹ ቀዘቀዙ፣ ከዚያ ተርቦ ፖምፑ (በጣም ፈጥኖ እየዞረ ቫኪዩሙን የሚሠራው) ቆመ፣ ከዚያ አየር ገባ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ተቻኩሎ መክፈት ተርቦውን ይገድላል።

ክዳኑን ስከፍት የሁለት ጣት ውፍረት ያለው አቧራ ጠበቀኝ። የመንገዱ አቧራ ነው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበቱን ይጠጣል። በለስላሳ ብሩሽና በቫኪዩም ክሊነር አወጣሁት። እያንዳንዱን ገመድ ከመንቀሌ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ በፕላስተርም ቁጥር ለጠፍኩበት።

ያለኝ መሣሪያ ይህ ነው፦ መልቲሜትር፣ ካቻቪቴዎች፣ ፒንሳ፣ ሶልደሪንግ አይረን፣ ካፓሲተር የሚለካ ትንሽ የቻይና ቴስተር። ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ኮሌጅ ከሚያስተምር ጓደኛዬ ተዋስኩ።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው አውጥቼ አበራሁትና ለካሁ። 5 ቮልት ደህና። 24 ቮልት ደህና። ፖዘቲቭ 15 መስመር 14.9 ይላል። ኔጋቲቭ 15 መስመር ግን የሚሰጠው 9.6 ብቻ ነው፣ እሱም ይወዛወዛል። ኦሲሎስኮፑ ላይ ከ3 ቮልት በላይ ሞገድ ይታያል።

ደስ አለኝ። ቦርዱ ሞቷል ከማለት በፊት ቦርዱ በቂ ምግብ እያገኘ መሆኑን ማየት ነው። ይኸው አላገኘም።

ሐምሌ 5

ማጣሪያ ካፓሲተሮቹን (ኤሌክትሪክ ይዘው ሞገዱን የሚያለሰልሱትን) ነቅዬ ለካሁ። ላያቸው ላይ 2,200 ማይክሮፋራድ ይላል፣ አንዱ 640 ሆኖ ተገኘ። አናቱም ትንሽ አብጧል። ጥፋተኛው ይኸ ነው አልኩና ወደ መርካቶ ወረድኩ።

ከአየር ጤና በታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ። ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን በላ። ሲኒማ ራስ አካባቢ አራት አዲስ ካፓሲተሮች በ480 ብር ገዛሁ። የሚያብረቀርቁ ናቸው። እዚያው አልለካኋቸውም፣ ቴስተሩን ቤት ትቼው ሄጄ ነበር። ማታ ስለካቸው 870፣ 910፣ 850፣ 890 ይላሉ። እንዲህ ዓይነት ካፓሲተር እስከ 20 በመቶ ቢጎድል ያለ ነው፣ ከ1,760 በታች መውረድ ግን አልነበረበትም። አንዱን በምላጭ ቀድጄ አየሁት። ከውጭ ትልቅ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ትንሽ ካፓሲተር። 480 ብሩ እንዲሁ ቀረ።

ሐምሌ 7

እንደገና መርካቶ። አሁን ቴስተሩን ኪሴ ከትቼ ምናለሽ ተራ ገባሁ። ቆሞ የቀረ የድሮ አምፕሊፋየር አገኘሁ። ባለቤቱን "ክፈተውና ልለካው፣ ከሆነልኝ ሙሉውን እገዛለሁ" አልኩት። ሁለቱ ትላልቅ የጃፓን ካፓሲተሮች ላይ 4,700 ይላል፣ ስለካቸው 4,510 እና 4,480 ሆኑ። በ600 ብር ተስማማን። አሮጌ ሆኖ እውነተኛው ከአዲስ ሐሰተኛ ይሻላል። መጠናቸው ትንሽ ስለሚበልጥ ቦርዱ ላይ ጋደም አድርጌ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኳቸው።

ሐምሌ 8

ኔጋቲቭ መስመሩ ከ9.6 ወደ 12.8 ወጣ። ሞገዱ አነሰ፣ ግን አለ። ካፓሲተሩ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ለምን?

አንድ ሰዓት ሙሉ ሬጉሌተሩን (ቮልቴጁን 15 ላይ የሚያቆመውን) ስጠራጠር ቆየሁ። አንዱን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ የመጀመሪያ ቀን ያነሳሁትን የኦሲሎስኮፕ ፎቶ እንደገና አየሁት። በአንዱ ሞገድና በሚቀጥለው መሃል ያለው ርቀት 20 ሚሊሰከንድ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ብሪጁ (ተመላላሹን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚቀይሩት አራት ዳዮዶች) ሙሉ ከሆነ ሁለቱንም ግማሽ ሞገድ ስለሚያሳልፍ ርቀቱ 10 ሚሊሰከንድ መሆን ነበረበት። 20 ማለት ግማሹ እየገባ አይደለም ማለት ነው። ከአራቱ ዳዮዶች ኔጋቲቩን ከሚመግቡት ሁለቱ አንዱ ተበጥሷል።

ፎቶው ስልኬ ላይ አራት ቀን ተቀምጧል። አይቼዋለሁ፣ አልቆጠርኩትም። ሁለት ጊዜ መርካቶ የተመላለስኩት የዚያን ርቀት ባለመቁጠሬ ነው። አሁን ማስታወሻ ደብተሬ ሽፋን ላይ "ሞገድ ካየህ ሚሊሰከንዱን ጻፍ" ብዬ ጽፌያለሁ።

የ2 አምፔር ብሪጅ ከዓለም ገና የሬዲዮ ጥገና ቤት በ80 ብር ገዛሁ። ኔጋቲቭ 15 መስመር አሁን 15.02 ነው፣ ሞገዱም የለም።

ሐምሌ 9

ይህን መጻፍ ይከብዳል።

ማሽኑን ገጣጥሜ ቫኪዩም አስያዝኩ። ፊላመንቱን በኦም ለካሁት፣ ከ1 ኦም በታች ነው፣ ጤነኛ ነው። አበራሁት። ኤሚሽን አሁንም ዜሮ። "ትንሽ ይሙቅ" ብዬ ተውኩትና ቡና ተፈልቶ ስለነበር ሄድኩ። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቼ ስመለስ ፊላመንት 1 ተበጥሷል።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ፊላመንቱ ግሎ ኤሌክትሮን ይተፋል። ኤሌክትሮኖቹ በ70 ቮልት ተገፍተው የናሙናውን ሞለኪውል ይመታሉ፣ አዮን ያደርጉታል። አንድ ሰርኪዩት ደግሞ ስንት ኤሌክትሮን እንደወጣ እየለካ ፊላመንቱን ያሞቀዋል ወይም ያበርደዋል። በእኛ ማሽን የሚፈለገው 35 ማይክሮአምፔር ነው። ያ ለኪ ሰርኪዩት ከታወረ "ምንም አልወጣም" ብሎ ያስባል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ያግለዋል። አሥር ደቂቃ በቃው።

የቀረን ሁለተኛው፣ ፊላመንት 2 የተባለው፣ ብቻ ነው። እሱን ለሙከራ አልነካውም።

ሐምሌ 11

ያለ ፊላመንት እንዴት ይፈተሻል? ሁለት ነገር ያስፈልጋል። የሚግል ነገርና ኤሚሽን የሚመስል ነገር።

ለመጀመሪያው የመኪና የፍሬን አምፖል ወሰድኩ። ሲቀዘቅዝ ኦሙ ከፊላመንት ጋር ይቀራረባል፣ ሲበራ ደግሞ በዓይን ይታያል። ለሁለተኛው ሬዚስተር። 70 ቮልት በ35 ማይክሮአምፔር ሲካፈል 2 ሜጋኦም ይመጣል። ከፊላመንቱ መስመር ወደ መሬት 2 ሜጋኦም ካሰርኩ ሰርኪዩቱ "35 ወጣ" ብሎ ማመን አለበት። 1 ሜጋኦም ካሰርኩ 70 እያየ አምፖሉን ማደብዘዝ አለበት። ሬዚስተሩን ካነሳሁት ማግለብለብ አለበት።

ሞከርኩት። ሦስቱም ላይ አምፖሉ ያው እንደ ፀሐይ ያበራል። ሰርኪዩቱ ምንም አያይም።

ከሬዚስተሩ ጀምሬ ምልክቱን ተከተልኩት። እስከ ኦፕ-አምፑ (ትንሽ ምልክት የሚያጎላው ቺፕ) መግቢያ ድረስ ትክክል ነው። መውጫው ግን 14 ቮልት ላይ ተጣብቋል። ቲኤል-072 የሚባል ተራ ባለ ስምንት እግር ቺፕ ነው። ሁለት በ240 ብር ገዛሁ። ቺፑን በቀጥታ አልበየድኩትም፣ በ30 ብር ሶኬት አስገባሁለት። ነገ ሌላ ሰው በካቻቪቴ ጫፍ አንስቶ ይቀይረዋል።

እንደገና ሙከራ። በ1 ሜጋኦም አምፖሉ ጠፋ። ሬዚስተሩን ሳነሳው ቦግ አለ። መልሼ ሳስረው ጠፋ። ጀማሪዋ ቴክኒሺያናችን "እስቲ እኔ ላድርገው" ብላ አሥር ጊዜ ያህል ደጋገመችው። እኔም ዝም ብዬ አየኋት። ደስ ይላል።

ሐምሌ 14

ፊላመንት 2 በርቷል። ኤሚሽን 35። የካሊብሬሽን ጋዙን ከፈትኩ፣ የሱ ፒኮች 69፣ 219 እና 502 በሚባሉ ክብደቶች ላይ ይጠበቃሉ። 69 ላይ ፒክ ወጣ! 219ም አለ። 502 ላይ ትንሽ ጉብታ አለ። ከ12 ቀን በኋላ የመጀመሪያው ፒክ ነው። ፎቶ አንስቼ ለኃላፊያችን ላክሁ።

ደስታው አንድ ሰዓት ቆየ። የመልቲፕላየሩ (የአዮኖቹን ደካማ ምልክት የሚያባዛው ክፍል) ቮልቴጅ ከ1,400 ሲያልፍ መስመሩ ላይ እሾህ የመሰለ ነገር ይፈላል። ጠዋት ይብሳል፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲወጣ ይቀንሳል። ማታ መብራት አጥፍቼ ክዳኑን ከፍቼ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ አየሁት። ከከፍተኛ ቮልቴጅ ቦርዱ ጥግ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ትብለጨለጫለች። "ጭጭጭ" የሚል ድምፅም አላት።

ሐምሌ 15

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይመጣል። ያለንበት ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ባቄላ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጅብን ውሃ እዚህ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ነው። ኤሌክትሪክም የራሱ ጣጣ አለው። አየር ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። ስለዚህ የዓለም አቀፉ የደኅንነት ደረጃ ከ2,000 ሜትር በላይ በቮልቴጅ መስመሮች መሃል ያለው ክፍተት እንዲሰፋ ይጠይቃል። እስከ 3,000 ሜትር ድረስ በ1.14 ይባዛል። ብዙ ዕቃ ደግሞ የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ታስቦ ነው። ማንዋሉን አገላብጬ አየሁት፣ የእኛም እንደዚያ ይላል። ማሽኑ ሲገዛ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። መጠየቅ ነበረበት።

አዲስ እያለ ክፍተቱ በቅቶት ኖሯል። አቧራና የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት አልበቃውም።

ሐምሌ 16 እና 17

ቦርዱን ላጸዳው ብዬ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል አልቆብን ነበር። መደርደሪያ ላይ በኮቪድ ጊዜ የተረፈ የእጅ ማጽጃ አልኮል አለ። "አልኮል አልኮል ነው" ብዬ በእሱ ጠረግኩት። በማግስቱ እሾሁ ከ1,400 ወርዶ በ1,100 መታየት ጀመረ።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የእጅ ማጽጃ አቀማመር ውስጥ ግሊሰሮል አለበት፣ 1.45 በመቶ። እጅ እንዳይደርቅ ነው። ግሊሰሮል አይተንም፣ እርጥበት ይስባል። እኔ ራሴ የኬሚስትሪ ሰው ሆኜ ቦርዱን ውሃ የሚጠራ ቅባት ቀባሁት።

ሐምሌ 18 እስከ 23

99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል 1 ሊትር በ2,400 ብር ተገኘ። ቦርዱን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ በየመሃሉ በ50 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አደረቅኩት። ቅባቱ ሲለቅ እውነተኛው ጉዳት ታየ። ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር። ብልጭታው ፋይበሩን አክስሎ ለራሱ መንገድ ሠርቷል። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ማጠብ አያጠፋውም። በምላጭ ፋቄ ፋቄ ነጭ ፋይበር እስኪታይ አወጣሁት። ከዚያ በሁለቱ ነጥቦች መሃል በትንሽ መጋዝ ቀዳዳ ከፈትኩ፣ ብልጭታው የሚሄድበት ገጽ እንዲቋረጥ።

ቮልቴጁን በትክክል ለመለካት የእኔ መልቲሜትር አይሆንም። ከ1,000 በላይ አይችልም። ዓለም ገና ላይ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ጋሼ አሉ። የድሮዎቹ ባለ ሆዳም ስክሪን ቴሌቪዥኖች ከ20,000 ቮልት በላይ ነበራቸው። ለእሱ የሚሆን ረጅም ፕሮብ አላቸው። አንድ ሺህ ቮልቱን አንድ ቮልት አድርጎ ያሳያል።

"ጋሼ፣ ለሁለት ቀን ቢያውሱኝ" አልኳቸው።

"ለምን ታስቦ ነው? ቴሌቪዥን ነው?"

"አይደለም፣ የላብራቶሪ ማሽን ነው። ቦርዱ ይተፋል።"

"ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል?"

"አዎ።"

"በል ቫርኒሹን አትርሳ። መጀመሪያ ግን ይድረቅ። እርጥብ ላይ ከቀባኸው እርጥበቱን ውስጥ ዘጋህበት ማለት ነው" አሉኝ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ምክራቸውን ተከትዬ ቦርዱን ሌሊቱን ሙሉ አደረቅኩት። ጠዋት ሞቅ እንዳለ የሲሊኮን ቫርኒሽ ሁለት ዙር ቀባሁት። ጣሳው 1,900 ብር ነው። ሹል ሆነው የቀሩ የብየዳ ጫፎችንም አሞቅኩና ክብ አደረግኳቸው። ብልጭታ ከሹል ነገር ነው የሚነሳው።

በፕሮቡ ስለካው ሶፍትዌሩ 2,000 ሲል መስመሩ ላይ 1,990 አለ። እሾህ የለም። ወደ 2,500 አወጣሁት፣ ጨለማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆሜ አየሁ። ምንም አይታይም፣ ድምፅም የለም።

ሐምሌ 27

ሌሊቱን ቫኪዩም አስይዤ አደርኩ። ጠዋት አየርና ውሃ ፈተሽኩ። 18 ላይ ያለው ውሃ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፣ ሳምንታት ክፍት ነበር። የደነቀኝ 28 እና 32 ናቸው። አንዱ የሌላውን አራት እጥፍ ያህል ነው። ናይትሮጅንና ኦክስጅን በአየር ውስጥ ያላቸው ድርሻ ይኸው ነው። አየር እየገባ ነው።

ከጎረቤት አሉሚኒየም የሚበይድ ጋራዥ አለ። ትንሽ አርጎን በፊኛ ለመንኩ። ሶፍትዌሩን የአርጎን ክብደት በሆነው 40 ላይ አድርጌ በቀጭን ቱቦ መገጣጠሚያዎቹን እየዞርኩ ነፋሁ። የጎን ክዳኑ ታችኛው ጥግ ላይ ስደርስ መስመሩ ዘለለ። ከፈትኩት። ኦሪንጉ (አየር እንዳይገባ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) ላይ አንዲት የጨርቅ ክር ተጋድማለች። አንስቼ መለስኩት። ወጪ የለም።

ነሐሴ 3

ስድስት ቀን ሙሉ ያለማቋረጥ ቫኪዩም ላይ ነው። ሙሉ ቲዩን አለፈ። ናይትሮጅኑ ከ69 ፒክ 3 በመቶ ነው፣ ከ10 በታች ከሆነ ይበቃናል። ውሃው 6 በመቶ። 502 ከ69 አንፃር 3.1 በመቶ። መልቲፕላየሩ 1,750 ቮልት ላይ ነው። ውጭ ዝናቡ እየወረደ ሳለ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው።

እስካሁን የወጣው፦ ሐሰተኞቹ ካፓሲተሮች 480፣ አምፕሊፋየሩ 600፣ ብሪጅ 80፣ ኦፕ-አምፕና ሶኬት 270፣ አልኮል 2,400፣ ቫርኒሽ 1,900፣ ትራንስፖርት 1,400። ድምር 7,130 ብር። እኔ ያቃጠልኩት ፊላመንት በዚህ ውስጥ የለም። እሱ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዋጋው ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ለኃላፊያችን እንዴት እንደተቃጠለ ጽፌ ሰጥቻለሁ።

ነሐሴ 6

የዩፒኤስ ባትሪዎቹ ገብተዋል። 14,000 ብር። ግንቦት ላይ "ውድ ነው" ተብሎ የተመለሰው ግዥ ነው። ከግድግዳው ሶኬት በኋላ ደግሞ የሰርጅ (የድንገተኛ ምት) መከላከያ አስገባሁ። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ወዲያው መልሶ እንዳይነሳ አምስት ደቂቃ የሚያዘገይ ታይመርም አለው። ሆን ብዬ ዋናውን ማብሪያ አጠፋሁት። ዩፒኤሱ 22 ደቂቃ ያዘው። ተርቦውን በሥርዓት ለማቆም ባይበቃም ጀነሬተሩን ለማስነሳት ይበቃል።

የቀረ ሥራ፦ ከኋላ ያለው ፋን ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ሳሳ ባለ አየር ላይ ማቀዝቀዝ እንደ ቆላው አይሆንም፣ ስለዚህ አቅሙ ከፍ ያለ ፋን እየፈለግኩ ነው። ለጋሼ ፕሮባቸውን መለስኩላቸው፣ የተቆረጠውን ቦርድ ፎቶም አሳየኋቸው። "ቀዳዳው ጥሩ ነው፣ ጠርዙን ግን ትንሽ ለስልሰው" አሉኝ። ቅዳሜ እከፍተዋለሁ።

ሰኞ የቲማቲም ናሙናዎቹ ይገባሉ።